የሃምሳ ብሩ ቅጣት፦ «ካፌ ሂድ፣ ሰው ታገኛለህ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ይላል መልእክቱ። ከቤታቸው ሆነው ስለሚሠሩ ሰዎች ብቸኝነት የተጻፈ ነው። አንዴ አንብቤ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ደሜ ፈላ። ምላሽ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ጋ ባህሉ አያስጠጋውም። በዶላር እየተከፈለው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ብቸኛ ነኝ ካለ ጥጋብ ነው። እሺ፣ በጣም ከባሰበት ላፕቶፑን ይዞ ካፌ ወይም የጋራ ቢሮ ይሂድ፤ በአንድ ወር ውስጥ ጓደኛ ያፈራል። ያም ካልሆነ የቴሌግራም ግሩፕ ሞልቷል፣ እቁቡም በስልክ ሆኗል። እድር ግን የሽማግሌ ነገር ነው፣ ለዚህ ትውልድ አይሆንም።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስለኝም። አማርኛውም ያምራል። ችግሩ ብቻውን ቤት ውሎ የሚያውቅ አይመስልም።

እኔ ከቤት መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። አሜሪካ ላለ አንድ ድርጅት የደንበኞችን ቅሬታ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ሥራዬ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምርና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያበቃል። እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲያዞሩ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገፋል። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዬን ነው። አንድ ቀን ሱቅ ወርጄ «ስድስት እንቁላል» ልል ስል ድምፄ እንቢ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ደገምኩት። እንቁላሉን ይዤ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ከሁለት ቀን ወዲህ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ወደ መቶ ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሁሉም በጽሑፍ።

እንግዲህ የፈረንጅ በሽታ ከሚለው ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል ይላል። ጸሐፊው ይህን ቢያነብ «አላልኳችሁም፣ እነሱ ናቸው» ይል ይሆናል። ግን ሪፖርቱ በዚያ አያበቃም። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ብቸኝነት ይሰማናል ያሉት 24 በመቶ ገደማ ናቸው። በሀብታሞቹ አገሮች ደግሞ 11 በመቶ ገደማ። በእጥፍ የምንበልጠው እኛ ነን። ሪፖርቱን ያዘጋጀውን ኮሚሽን በጋራ ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዷም የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች ልዩ ልዑክ የነበረችው ቺዶ ምፔምባ ናት። ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ ቢሆን እሷን ምን አገባት?

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚለውንም ጠቅሷል። እውነት ነው። ግን መድኃኒት መኖሩና መድኃኒቱን ማግኘት አንድ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የገባው ሰው በእጣ ነው የገባው። ማን ከማን ጋር በር ለበር እንደሚኖር የወሰነው እጣው ነው። ብዙዎቹ ባለ እጣዎች ደግሞ ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ተከራዩም ኪራይ ሲጨመርበት ይነሳል። አንድ ፎቅ ላይ ካለነው አራት ቤቶች እኔ ከገባሁ ወዲህ ሦስቱ ሰው ቀይረዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንት ዘመን አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ተበተነ። ባህሉ አለ። ባህሉን የተሸከመው ሰፈር ግን እየተነሳ ነው። ይሄን ያላየ ሰው «እኛ ጋ የለም» ማለት ይቀለዋል።

ጥጋብ ነው ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ ደሞዜን በልቡ እያባዛ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ይሁን። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ቻይና ውስጥ ሲትሪፕ በሚባል የጉዞ ድርጅት አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር። ሠራተኞቹ እንደ እኔው ደንበኛ የሚያስተናግዱ ናቸው፣ በስልክ። ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል በእጣ የተመረጡት ቤታቸው ሆነው ሠሩ። ሥራቸው በ13 በመቶ ተሻሻለ። ትራንስፖርቱም ቀረላቸው። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ግን ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር። ራሳቸው ፈልገው ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው እኮ! የሰው አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት ጋሉፕም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከቤት ከሚሠሩት 25 በመቶው ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ ሥራ ቦታ ከሚሄዱት ግን 16 በመቶው። ጥጋብ እንዲህ በመቶኛ አይለካም።

ወደ ካፌው እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ምክሩን ከመስማቴ በፊት ራሴ ሞክሬዋለሁ። ሰባት ወር ያህል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ኦንላይን ኮርስ እወስድ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ይዤ ካፌ እገባለሁ። አንድ ማኪያቶ አዝዛለሁ። ሶኬት ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ። እዚያ ለመቀመጥ ከአንድ መነጽር ካደረገ ልጅ ጋር እሽቀዳደም ነበር። ሳንነጋገር። እሱ ከቀደመኝ ቀኔ ይበላሻል። እኔ ከቀደምኩት ደግሞ መሐል ላይ ይቀመጥና ባትሪው ሲያልቅ ይሄዳል። ሰባት ወር ሙሉ የልጁን ስም አላወቅኩም። ምን እንደሚሠራም አላውቅም። ምናልባት እሱም እንደ እኔ የሚያናግረው ሰው ፈልጎ ይሆናል የመጣው። የጽሑፉ ምክር ግን ሁለታችንንም ወደ አንድ ሶኬት ነው የሚልከን።

አስተናጋጇ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ትመጣለች። መጀመሪያ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ቀጥሎ «ሌላ የሚጨመር አለ?» በመጨረሻ ምንም አትልም። ባዶውን ብርጭቆ ታነሳና ጠረጴዛውን ትወለውላለች። አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ የዚያ ውልወላ ትርጉም ይገባዋል። አልፈርድባትም። አንድ ማኪያቶ የአንድ ጠረጴዛ ኪራይ አይሆንም።

ጸሐፊው «ሦስተኛ ቦታ» የሚለውን ሐሳብም ጠቅሷል። ከቤትም ከሥራም ውጭ ያለ መገናኛ ማለት ነው። ሐሳቡ የአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ የሬይ ኦልደንበርግ ነው። ግን ኦልደንበርግ ሰው የሚያዘወትርበትን ቤት ሲገልጽ ዋናው ሥራ ወሬ ነው ብሎ ነው። ቦታውን ቦታ የሚያደርጉትም ቋሚ ደንበኞቹ ናቸው፤ አዲስ የመጣውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። እኔ የተቀመጥኩበት ካፌ ውስጥ ወሬ አልነበረም። ጆሮ ላይ የተሰካ ማዳመጫ ነበር። የእኔም ጭምር።

እውነቱን ለመናገር ካፌው አንድ ነገር ሰጥቶኛል። በሩ ላይ አንድ ሊስትሮ ነበር። ጉንፋን ይዞኝ ለአሥር ቀን ያህል ቀረሁ። ስመለስ ቀና ብሎ አየኝና «ምነው፣ ጠፋህ?» አለኝ። ሳላስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያደረግኩት ስኒከር ነው፣ የሚጠረግ ነገር የለውም። ተቀምጬ አሳጠብኩት። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሌላ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 የላላ ትስስር፣ ማለትም የሩቅ ትውውቅ፣ ጉልበት አለው ብሎ ጽፎ ነበር። እሱ ያተኮረው ወሬ ከሰው ወደ ሰው ስለሚደርስበትና ሥራ ስለሚገኝበት መንገድ ነው። ለእኔ ግን ያ ሊስትሮ በሰባት ወር ውስጥ መቅረቴን ያስተዋለ ብቸኛ ሰው ነበር።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ያጣሁት ሕዝብ አይደለም። ሕዝብ ከፈለግኩ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሄጄ መቆም እችላለሁ። ያጣሁት «ምነው ጠፋህ» የሚለኝን ነው።

የጋራ ቢሮዎቹን አላናንቅም። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ስንት የኮምፒውተር ልጅ ተዋውቆበታል። ቀን ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። እኔ የጠየቅኳቸው ሁለት ቦታዎች ግን ማታ ይዘጋሉ። ሌላው ቦርሳውን ሲያነሳ ነው እኔ ላፕቶፔን የምከፍተው። ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ይሄን ነው። ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው ከሰፈሩ ጋር ሰዓት አይገጥምም። ጓደኞቼ ከሥራ ወጥተው «የት ነህ?» ሲሉ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። እኔ ጠዋት ነጻ ስሆን እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ማን እንዳለ ልንገራችሁ? ጡረተኞች። ልጅ የያዙ እናቶች። ጥበቃው። ፀሐይ የሚሞቁ ድመቶች። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቴሌግራሙና ስለ ስልክ እቁቡ። የእኛ እቁብ ድሮ እሑድ እሑድ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ይሰበሰብ ነበር። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን ይዘረጋል። ብር ይቆጠራል። የተጣጠፈችው ወረቀት ስኒ ውስጥ ትናጣለች። እጣ የወጣለት ቢራ ያወርዳል፣ ያልወጣለት ይራገማል። በ2013 ቴሌብር መጣ። ቀስ በቀስ ሁሉም ሰው ከያለበት መላክ ጀመረ። ቀለለን። አሁን ብሩን እልካለሁ፣ ስክሪንሾቱን ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ፣ ጸሐፊው የአውራ ጣት ምልክት ያደርግልኛል። እጣው በቪዲዮ ይወጣል። አለቀ።

ባለፈው ዓመት አንድ አባል እጣ ወጣለት። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ!» ብዬ ጻፍኩለት፣ ከሦስት የፈገግታ ምልክት ጋር። በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ሲጎረጉር ዓይኔ ሳላስበው ወደ ስክሪኑ ሄደ። የእኛን ግሩፕ ነው የሚያየው። የእኔን «እንኳን ደስ አለህ» እያነበበ ነው! ሁለት ዓመት አብረን እቁብ ስንጥል ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም ነበር። ተዋወቅን፣ ሳቅን፣ ጦር ኃይሎች ወረደ። ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ ኖሯል፣ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም። ስልክ ወረፋና ጉዞ ይቆጥባል። በእቁብ ውስጥ ግን የተቆጠበው ነገር ዋናው ነገር ነበር።

አሁን ወደ እድር። የዚያ ጽሑፍ ባለቤት በሁለት መስመር ያለፈው፣ እኔ ግን ለዚህ ስል ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። በቁምጣና በነጠላ ጫማ። ብሎካችን ሥር ድንኳን ተተክሏል። ሴቶች ኮሙናሉ ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የቆሻሻ ከረጢቴን እንዳንጠለጠልኩ ደርቄ ቀረሁ። ማን ሞተ ብዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ጎረቤት ይሄን አይጠይቅም። ጎረቤት ያውቃል።

ተመልሼ ሱሪ ለብሼ መጣሁ። ደብተር የያዙ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። «ግባ ልጄ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ከሩቅ የመጣ ለቅሶ ደራሽ መስያቸዋለሁ።

«እዚሁ ነኝ ጋሼ፣ አራተኛ ፎቅ።»

«መቼ ገባህ?»

«ሦስት ዓመት አለፈኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው «በል ናማ፣ ያንን አግዳሚ በዚያኛው ጫፍ ያዝልኝ» አሉ። ሟቿ አንደኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ እናት ናቸው። ሦስት ዓመት በበራቸው ወጥቼ ገብቻለሁ። ከሽሯቸው ሽታ በቀር ስለ እሳቸው የማውቀው አልነበረም። የሞቱት ከትናንት በስቲያ ነው። እኔ ያን ሌሊት ኦሃዮ ያለች አንዲት ሴትዮ እቃዋ ስላልደረሰላት አዝኜ ይቅርታ እየጻፍኩ ነበር።

በወሩ እድር ገባሁ። መግቢያ ከፈልኩ፣ በየወሩ መቶ ብር አዋጣለሁ። እስካሁን ድረስ «ተከራይ ነህ፣ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ሰው አለ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀብር ቀረሁ። ቀብሩ 9 ሰዓት ነው፣ ሥራዬ 10 ሰዓት ነው፣ አይደርስልኝም ብዬ ነበር። በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ጋሼ ጸሐፊው፣ እኚያ ደብተር የያዙት ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አድርገው የቀሪ ስም አነበቡ። የእኔ ስም አለበት። ሃምሳ ብር ቅጣት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ስሜ በቀሪ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያዬ ነው። ብሩን አውጥቼ ስከፍል ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «አሞህ ነበር እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እድሩ ደንብ አስከባሪ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አስቡት። ሰው «ቀረ» የሚባለው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ነው። ካፌው ለሰባት ወር አንድም ቀን ቀሪ ብሎኝ አያውቅም።

የሽማግሌ ነገር ነው ላለው፣ አዎ፣ ነው። ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኳትን አስታውሱ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ያለው ማን ነበር? እኔ ነጻ በሆንኩበት ሰዓት ነጻ የሆኑት እነሱ ብቻ ናቸው። የጋሼ ጸሐፊውና የእኔ ፕሮግራም ልክ ለልክ ይገጥማል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ስልካቸው ሲሞላ ፎቶ የማጠፋላቸው እኔ ነኝ። ከእኩዮቼ ጋር እንዲህ ያለ ጊዜ የለኝም። ጓደኛ በእድሜ ይመረጣል ያለው ማን ነው?

ደግሞ እድር ከጥንት ከአባቶች የወረደ አሮጌ ነገር ነው የሚለውም ልክ አይደለም። እድርን ያጠኑት አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያም እንደሚያሳዩን፣ እድር በአብዛኛው የከተማ ልጅ ነው፤ የተስፋፋውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከየአገሩ ወደ ከተማ የገባ ሰው፣ ቢሞት የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ የሌለ ሰው፣ ተሰባስቦ ያቆመው ነገር ነው። ማለትም እድርን የፈጠሩት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። በጊዜያቸው ላፕቶፕ አልነበራቸውም እንጂ ችግራችን አንድ ነው።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። በሁለት ተከታታይ ስብሰባዎች ስለ ጠፋ ሰሃን አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጭቀናል። ሰው ጓዳህ ድረስ ሊያውቅ ይፈልጋል። «መቼ ነው የምታገባው?» የማይልህ የለም። ሐዋሳ ሆና አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ የባሰ ገጥሟታል። ሌሊቱን ሙሉ መብራቷ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። እሷ ዝም አላለችም። ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ፣ አቦል ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ሥራዋን አሳየቻቸው። አንዷ እናት «ይሄን ሁሉ ፈረንጅ አንቺ ነሽ የምታባብዪው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቡና ሲፈላ ይጠሯታል። ለሴት ልጅ «ማታ ከቤት ውጪ» የሚል ምክር ብዙም አይጠቅማትም። የእሷ መፍትሔ በሩን ከፍቶ ማስገባት ነበር።

እድር የማይስማማው ሰውም ይኖራል። ግድ የለም። እኔ አሁን አንድ ቦታ ልሂድ ወይስ ልቅር ስል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ብቀር ይጎድላል ወይ? የሰፈር ኳስ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ከቀረ አሥር ይሆናሉ፤ ስልክ ይደወላል። የጽዋ ማኅበር ተራ አለው፤ ተራህ ሲደርስ ጠላው አንተን ይጠብቃል። መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን የሚያግዝ ሰው በቀጠሮው ቀን ካልመጣ የሚጠብቀው አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግን፣ ሕንፃውን ብወደውም፣ ዓመት ብቀር አይፈልገኝም። ለማንበብ ሂዱ። ለጓደኛ አይደለም።

የአንድ ወሩን ቃል ኪዳን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እሱ ነው። ወሩ ሲያልፍና ሰው ሳይገኝ «ችግሩ እኔ ነኝ» ይላል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል አብሮ መሆን ይጠይቃል። ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል። የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። እስቲ አስሉት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር የምታሳልፉ ከሆነ 50 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት ይፈጃል። ግማሽ ዓመት! እሱም ለቀላሉ ጓደኝነት። እኔ ከጋሼ ጸሐፊው ጋር 200 ሰዓት የሞላን ይመስለኛል፤ ግማሹ ስለ ሰሃን ነው።

አንድ ነገር ላይ ከዚያ ጽሑፍ ባለቤት ጋር እስማማለሁ። ከቤት መውጣት ያስፈልጋል ብሏል፤ ያስፈልጋል። አለመግባባታችን ወዴት የሚለው ላይ ነው።

ባለፈው ሰኔ ሌላኛው ብሎክ ለቅሶ ነበር። እድሩ ሌሊት ድንኳኑን የሚጠብቅ ሰው ሲፈልግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንተ መቼም አትተኛም» ተባለ። እውነት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ፣ ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩ። ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ይመታል። ሦስት ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ። አንደኛው የመጨረሻውን ሻይ ሳይጠይቀኝ ቀዳልኝ። ጋሼ ጸሐፊው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ አንቀላፍተዋል። ኮቴዬን ሲሰሙ ነቁ።

«መጣህ? በል እኔ ልተኛ።» የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «ሰሃኑ 120 ነው። ቆጥረህ ተረከብ።»

ቆጠርኩ። 118 ነው።